ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ አብሮ የሚገባው ምንድን ነው? ከመክፈል በፊትና በኋላ የሚፈተሹ ነገሮች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025) አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ከጥቂቶች በቀር በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመው የተኩት ዴል ላቲቱድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክና ሌኖቮ ቲንክፓድ በየሱቁና በየቴሌግራም ቻናሉ የሚሸጥ የተለመደ ዕቃ ነው። ገዢው ስክሪኑን ያያል፣ ባትሪውን ይጠይቃል፣ ኪቦርዱን ይነካካል። ዲስኩ ላይና ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ግን ሳይታይ ቤት ይገባል።

ፍተሻው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉት። አንደኛው «ይህን ማሽን ልግዛው ወይስ ልተወው?» የሚለውን መወሰን ነው። ሁለተኛው የተገዛውን ማጽዳት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ይቀላቅላል፤ ገንዘቡን ከፍሎ ቤቱ ከገባ በኋላ ቀኑን ሙሉ ቫይረስ ሲፈልግ ይውላል። ቫይረስ በአንድ ከሰዓት ይጸዳል። የማይጸዳው ነገር ግን ከመክፈል በፊት መታየት ነበረበት።

«ሪፈርቢሽድ» ሲባል ምን ተደርጎለታል ማለት ነው?

ቃሉ በየሻጩ ይለያያል። አምራቹ ራሱ ወይም አምራቹ ፈቃድ የሰጠው ድርጅት ያደሰው ማሽን ተፈትሾ፣ የተበላሸው ክፍል ተቀይሮ፣ ዲስኩ ተጠርጎና ሕጋዊ ዊንዶውስ ተጭኖበት በዋስትና ይሸጣል። በተራው ገበያ ግን ብዙ ጊዜ የሚባለው አካሉ ተወልውሎ፣ ራም ተጨምሮለት፣ አሮጌው ሀርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) ተተክቶለት ለሆነ ማሽን ነው።

ስለዚህ ለሻጩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ዲስኩ የራሱ ነው ወይስ ተቀይሯል?» የሚል ይሁን። ከተቀየረ የቀድሞው ባለቤት ፋይል ከአሮጌው ዲስክ ጋር ሄዷል፤ የሚያሳስበው ዊንዶውሱን የጫነው ሰው ያስገባው ነገር ብቻ ይሆናል። ካልተቀየረ ሁለቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። የተተካው ዲስክም ራሱ ያገለገለ ሊሆን እንደሚችል አይዘንጉ።

ምን ዓይነት ነገር ነው የምንፈልገው?

ቤት የገዛ ሰው ሦስት ነገር ሊገጥመው ይችላል። የቀድሞው ነዋሪ ቁም ሣጥን ውስጥ ፎቶና ልብስ ትቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ራሱን ባለቤቱን እንጂ ገዢውን አይጎዳም። የበሩን ቁልፍ ኮፒ ያስቀረ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ይህ አደጋ ነው፣ ግን ጋኑ ሲቀየር ያበቃል። ሦስተኛው ቤቱ ራሱ እገዳ ያለበት መሆኑ ነው። እገዳ ጋን በመቀየር አይነሳም፤ ለዚህም ነው ሰው ከመክፈሉ በፊት ሄዶ የሚያጣራው።

ላፕቶፕም እንዲሁ ነው። ተረፈ ፋይል የምንለው የቀድሞው ባለቤት ሰነድ፣ ፎቶ፣ የተቀመጠ ፓስወርድ ነው። አጠራጣሪ ፋይል የምንለው እርስዎ ሳያውቁ የሚነሳ፣ ለሌላ ሰው መግቢያ የሚከፍት ፕሮግራም ነው። እገዳው ደግሞ ዲስክ ቢቀየርም ዊንዶውስ እንደ አዲስ ቢጫንም የማይነሳው ቁልፍ ነው።

እገዳው የት ይታያል?

በባዮስ ውስጥ። ባዮስ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ የተቀመጠ ትንሽ ሶፍትዌር ነው። ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያበሩ ወዲያው ደጋግመው በመጫን ይገባሉ፤ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1።

ሲገቡ ፓስወርድ ከጠየቀና ሻጩ የማያውቀው ከሆነ አይግዙት። በቢሮ ሞዴሎች ላይ ይህ ፓስወርድ ባትሪ በመንቀል አይጠፋም፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም በማይረሳ ቺፕ ላይ ነው የተጻፈው። ለማንሳት አምራቹን ወይም ቺፑን አውጥቶ የሚጽፍ ባለሙያ ይጠይቃል። ፓስወርዱ እስካለ ድረስ በፍላሽ ማስነሳት ሊከለከል ስለሚችል ማሽኑን እንደ ልብ ማጽዳት አይቻልም።

ቀጥሎ «ሴኩሪቲ» በሚለው ክፍል ውስጥ «አብሶሉት» ወይም በቆዩ ሞዴሎች «ኮምፒውትሬስ» የሚል መስመር ይፈልጉ። ይህ ድርጅቶች የተሰረቀ ላፕቶፕ ለመከታተል የሚገዙት አገልግሎት ነው። አንዴ ከነቃ፣ ዊንዶውስ በተነሳ ቁጥር ባዮሱ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ዲስኩ ላይ መኖሯን ያረጋግጣል፤ ጠፍታ ከሆነ መልሶ ያስቀምጣታል። እሷም በኢንተርኔት ለባለቤቱ ድርጅት ታሳውቃለች። ድርጅቱ ከፈለገ ማሽኑን ከርቀት ይቆልፋል። አገልግሎቱ በባዮሱ ውስጥ መኖሩ ብቻ ችግር አይደለም፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ያለ ነው። «ፐርማነንትሊ ዲሴብልድ» የሚል ከሆነ እስከ መጨረሻው ተዘግቷል። «አክቲቬትድ» የሚል ከሆነ ግን ማሽኑ አሁንም በሌላ ድርጅት እጅ ነው።

ሦስተኛው ከባዮስ ውጭ ነው። ድርጅቶች የላፕቶፑን መለያ በማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ያስመዘግባሉ፤ አሠራሩ አውቶፓይለት ይባላል። እንዲህ የተመዘገበ ማሽን ፎርማት ተደርጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የድርጅቱን ስም አሳይቶ የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃል። ሻጩ ኢንተርኔት ሳያገናኝ ያዘጋጀው እንደሆነ ይህ አይታይም። ወራት ቆይቶ ዊንዶውሱን በሚቀይሩበት ቀን ይወጣል። የሚታወቅበት መንገድ አንድ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ሪሴት ተደርጎ፣ የመጀመሪያው ማዘጋጃ ላይ ሲደርስ በስልክዎ ሆትስፖት አገናኝቶ ማለፍ። ኤስኤስዲ ባለው ማሽን ላይ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሻጩ ይህን ያህል ካልታገሰ፣ የድርጅት ስም ከመጣ እንደሚመልስልዎ በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። በዚያውም ሴቲንግስ ውስጥ «አካውንትስ» ብለው «አክሰስ ወርክ ኦር ስኩል» የሚለውን ይክፈቱ፤ የማንም መሥሪያ ቤት ስም ሊኖርበት አይገባም።

ማክቡክ ላይ ተመሳሳዩ ችግር «አክቲቬሽን ሎክ» ይባላል። የቀድሞው ባለቤት በአፕል አካውንቱ ካልፈታው ሲጸዳ ይቆለፋል፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ ተጠርጎ እንደ አዲስ እስኪከፈት አይክፈሉ።

ዊንዶውሱ በምን አክቲቬት እንደተደረገ ማወቅ ለምን ይጠቅማል?

በእኛ ገበያ አጠራጣሪ ፋይል በብዛት የሚገባው በዚህ በር ስለሆነ ነው። ከቀድሞው ባለቤት ይልቅ መጨረሻ ላይ ዊንዶውስና ኦፊስ የጫነው እጅ ይበልጥ መጠርጠር አለበት። ይህን ስንል ባለሙያው ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ብዙ ጊዜ እሱ ራሱ ክራኩ (ዊንዶውስን ሳይገዙ አክቲቬት የሚያደርገው ሕገ ወጥ ፕሮግራም) ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማይክሮሶፍት ለትልልቅ ድርጅቶች ኬኤምኤስ የሚባል አሠራር አለው፤ በድርጅቱ ውስጥ ያለ ሰርቨር የየኮምፒውተሩን ፈቃድ ለ180 ቀን ያድሳል። በሰፊው የሚሠራባቸው ክራኮች ይህን ሰርቨር በራሱ በላፕቶፑ ውስጥ አስመስለው ይፈጥራሉ። ያ እንዲሠራ ክራኩ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልገዋል፣ በየጊዜው ራሱን መቀስቀስ አለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዊንዶውሱ አንቲቫይረስ እንዳያየው መደረግ አለበት። ፓስወርድ የሚሰርቅ ቫይረስ የሚፈልገው ደግሞ እነዚህኑ ሦስት ነገሮች ነው። በሩ አንዴ ከተከፈተ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።

ለማየት ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አክቲቬሽን ይክፈቱ። «ዲጂታል ላይሰንስ» የሚል ጥሩ ምልክት ነው። «ኦርጋናይዜሽን» እና «አክቲቬሽን ሰርቪስ» የሚሉ ቃላት ካሉበት በኬኤምኤስ ነው የተከፈተው፤ በግል ላፕቶፕ ላይ ይህ ክራክ ማለት ነው። የበለጠ ለማረጋገጥ የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አብረው ይጫኑና በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር ብለው ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሰረዝና ኤክስ፣ ፒ፣ አር ጽፈው ኢንተር ይበሉ። «ፐርማነንትሊ» ካለ ጊዜ የለውም። የሚያበቃበትን ቀን ካሳየ ያው ኬኤምኤስ ነው፤ ቀኑ 2038 ቢሆንም እንኳ። ጥሩ መልስ ቢመጣም ግን ሙሉ ማስረጃ አይሆንም፤ «ዲጂታል ላይሰንስ» የሚያስመስሉ ክራኮችም አሉ።

ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ይክፈቱ፤ «ቫይረስ ኤንድ ስሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ «ማኔጅ ሴቲንግስ» የሚለውን ተጭነው እስከ ታች ወርደው «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ይመልከቱ። ይህ አንቲቫይረሱ «እዚህ አትግባ» የተባለባቸው ቦታዎች ዝርዝር ነው። በአዲስ ዊንዶውስ ላይ ባዶ ነው። አንድ ፎልደር ካለበት ስሙን ያንብቡ። ሲ ድራይቭ በሙሉ ከተጻፈበት ላፕቶፑ ጥበቃ የለውም፣ ሌላ ማስረጃም አያስፈልግም። እዚያው ገጽ ላይ ያለው «ታምፐር ፕሮቴክሽን» ከጠፋ አንድ ሰው ሆን ብሎ አጥፍቶታል።

ሌላስ የት ይታያል?

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አብረው ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ስታርታፕ» የሚለው ክፍል ላፕቶፑ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ያሳያል። አሳታሚው ያልተጻፈ፣ ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር የሆነ፣ ወይም «ስክሪፕት ሆስት» የሚል ነገር ካለ ቀኝ ክሊክ አድርገው ፋይሉ ያለበትን ቦታ ያስከፍቱ። ቦታው ብዙ ይናገራል። የዊንዶውስ የራሱ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ሲስተም32 ውስጥ ይኖራል፤ የዊንዶውስ ስም ይዞ አፕዳታ ወይም ቴምፕ ፎልደር ውስጥ የተገኘ ግን አስመሳይ ነው። ጠለቅ ብሎ ማየት ለሚፈልግ የማይክሮሶፍት የራሱ ነፃ መሣሪያ አውቶራንስ አለ፤ የማይክሮሶፍትን ደብቅ የሚለውን መርጠው የቀሩትን ብቻ ያያሉ። የጊዜ ቀጠሮ ይዘው የሚነሱትንም አብሮ ይዘረዝራል።

የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ሲያዩ ኤኒዴስክ፣ ቲምቪወር፣ አልትራቪወር ወይም ራስትዴስክ ካለ ያጥፉ። ሁሉም ሕጋዊ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ነገር ግን ቋሚ ፓስወርድ ከተሰጣቸው ያንን የሚያውቅ ሰው ያለ እርስዎ ፈቃድ ይገባል። የተጠቃሚዎችን ዝርዝርም ይዩ። ከእርስዎ ሌላ አስተዳዳሪ አካውንት አያስፈልግም። አብረው የተሠሩት «ጌስት» እና «ዲፎልት አካውንት» ግን የማይነሱ፣ የተዘጉ ናቸውና አያስደንግጡ።

ሁላችንም በፍላሽ የምናውቀው ሾርትከት ቫይረስም አለ። ማተሚያ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ ላይ ፎልደሮቹ ተደብቀው በቦታቸው ሾርትከት ይቀመጣል፤ ሾርትከቱ ሲከፈት ስክሪፕቱም ፎልደሩም አብረው ይነሳሉ፣ ሰውየውም ምንም አይጠረጥርም። ላፕቶፑ ይህ ይኖርበት እንደሆነ ለማወቅ ፋይል ማሳያው ላይ የተደበቁ ፋይሎችንና የፋይል ቅጥያዎችን አሳይ የሚሉትን ሁለቱንም ይክፈቱ፤ ከዚያ ባዶ ፍላሽ ሰክተው ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ባዶው ፍላሽ ላይ ራሱ የወለደው ሾርትከት ከመጣ ታሟል። ቅጥያው መታየቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ የፎልደር ምስል ለብሶ መጨረሻው ላይ «ኢኤክስኢ» የሚል ካለ ፕሮግራም ነው።

አስፈሪ የሚመስሉ፣ ግን ጤነኛ የሆኑትስ?

የተደበቀው ሲገለጥ ሰው የሚደነግጥባቸው ብዙ ናቸው። «ፔጅፋይል» እና «ሃይበርፋይል» የሚባሉት ብዙ ጊጋባይት የሚይዙ ፋይሎች የዊንዶውስ ናቸው፤ አንዱ ለራም ማገዣ፣ ሌላው ላፕቶፑ ሲተኛ ማስታወሻ መያዣ። «ፔርፍሎግስ» ባዶ ፎልደር ነው፣ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣል። ዲስኩ ላይ የሚታየው 100 ሜጋባይት ገደማ የሆነው ትንሽ ክፍልፋይ ዊንዶውስ የሚነሳበት ነው፤ ካጠፉት ላፕቶፑ አይነሳም። «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባለው ግን መታየት አለበት። ዊንዶውስ በላዩ ላይ ሲጫንበት አሮጌውን ወደዚያ ይገፋዋል፤ የቀድሞው ባለቤት ሰነድና ፎቶ ሙሉ በሙሉ እዚያ ሊገኝ ይችላል።

የጠፋ ፋይል እንዴት ይገኛል?

ፋይል ሲጠፋ ዊንዶውስ የሚሰርዘው ማውጫውን ነው። መጽሐፍ ላይ ማውጫው ቢቀደድ ምዕራፎቹ በቦታቸው እንደሚቀሩ ሁሉ ዳታው ሌላ እስኪጻፍበት ይቆያል። በፍጥነት የሚደረገው ፎርማትም ያንኑ ነው የሚያደርገው። በአሜሪካ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2002 ያገለገሉ 158 ሀርድ ዲስኮች ገዝተው ሲመረምሩ ከሚሠሩት 129 ውስጥ በትክክል የተጠረጉት 12 ብቻ ነበሩ። ከሌሎቹ ከ5,000 የሚበልጡ የክሬዲት ካርድ ቁጥሮች ወጥተዋል። ኤስኤስዲ በዚህ ይሻላል፤ ትሪም በሚባል አሠራር የጠፋውን ቦታ ራሱ ባዶ ያደርጋል። ስለዚህ ተረፈ ፋይል ይበልጥ የሚጠበቀው በሚሽከረከረው አሮጌ ሀርድ ዲስክ ላይ ነው።

አንቲቫይረስ «ንጹሕ ነው» ካለ አይበቃም?

አይበቃም። የታመመ ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ የሚፈትሽ አንቲቫይረስ ለራሱ ጉዳይ የሚመሰክር ሰው ይመስላል። ከዚያ የሚሻለው ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ «ስካን ኦፕሽንስ» ላይ ያለው የኦፍላይን ፍተሻ ነው፤ ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውሱ ሳይነሳ ለ15 ደቂቃ ያህል ይፈትሻል። አንድ ነገር ካገኘ ማሽኑ መታመሙ ተረጋገጠ። ካላገኘ ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ውጤቱ ምንም ሆነ ምን ማጽዳቱ አይቀርም።

ባዮስ ውስጥ የሚደበቅ ቫይረስም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢሴት የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ሎጃክስ የሚባለውን አጋልጧል። እንዲህ ያለው የተመረጡ ሰዎችንና መሥሪያ ቤቶችን ለመሰለል የሚውል፣ እጅግ ብርቅ ነገር ነው። አዲሱን ባዮስ ከአምራቹ ድረ ገጽ በሞዴሉ ቁጥር አውርዶ መጫን ለተራ ገዢ በቂ ጥንቃቄ ነው፤ ሲጫን ቻርጀሩ ይሰካ፣ መብራት የመጥፋት ሥጋት ካለ ባትሪው ቢያንስ ግማሽ ይሁን። መሀል ላይ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይጸዳል?

ሴቲንግስ ውስጥ ያለው ሪሴት ለጥርጣሬ አያስተማምንም፤ አዲሱን ዊንዶውስ የሚሠራው እዚያው ካለው ፋይል ሊሆን ይችላል። በፍላሽ ይጫኑ። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ፣ የሚያምኑት ሌላ ኮምፒውተርና 5 ወይም 6 ጊጋባይት የሚሆን ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» አውርደው ፍላሹን ያዘጋጃሉ። የጓደኛ ወይም የሱቅ ፍላሽ አይዋሱ፤ ያው ክራክ በዚያው መንገድ ይመለሳል።

ላፕቶፑ በፍላሽ እንዲነሳ ዴልና ቲንክፓድ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ይጫኑ። ዲስክ ምረጥ የሚለው ገጽ ላይ ሲደርሱ ክፍልፋዮቹን አንድ በአንድ ያጥፉ፣ «አናሎኬትድ ስፔስ» የሚል አንድ መስመር ብቻ እስኪቀር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሲ ድራይቭን ብቻ ፎርማት አድርጎ ዲ ድራይቭን እንዳለ ይተወዋል፣ ዲ ላይ የተቀመጠው ክራክም ተመልሶ ይከፈታል። ከአንድ በላይ ዲስክ ካለ ሁሉንም ያጥፉ። ፍላሹ ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሚታይ በመጠኑ ለይተው ይተዉት። የቀድሞውን ሰው ዳታ ከሥሩ ለማጥፋት የዴልና የኤችፒ የቢሮ ሞዴሎች ባዮስ ውስጥ ዲስክ መጥረጊያ አለ፤ ሀርድ ዲስክ ከሆነ «ኩዊክ» የሚለውን ምልክት አንስቶ ሙሉ ፎርማት ማድረግ ይበቃል፣ ሰዓታት ቢፈጅም።

ቁልፍ ሲጠይቅ «የለኝም» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 አብሮት የተሸጠ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ፈቃዱ ባዮሱ ውስጥ ስላለ፣ ሆምና ፕሮ የሚለው ዓይነት እስከተመሳሰለ ድረስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ያለ ክራክ የሚቻለውን በክራክ ማስከፈት የሚያሳዝነው ለዚህ ነው። ኦፊሱ አብሮ ይጠፋል፤ ሊብሬኦፊስ በነፃ አለ፣ የአማርኛ ኪቦርድም ዊንዶውሱ ውስጥ ስላለ የተሰበረ የግዕዝ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ፕሮሰሰሩ ከ8ኛው ትውልድ በታች ከሆነ (ኮር አይ5-6300ዩ ከሰረዙ በኋላ በ6 ስለሚጀምር 6ኛ ነው) ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ማሽኑን የደኅንነት ማሻሻያ እያገኘ ያኖረዋል።

የሌላ ሰው ፋይል ቢገኝስ?

አይክፈቱት፣ ኮፒ አያድርጉት። ብሮውዘሩ የቀድሞውን ባለቤት ኢሜይል እንደከፈተ ካገኙት ይዝጉት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓትም ሆነ ዳታ መግባትን ይከለክላል፤ ላፕቶፑን መግዛት የሰውየውን አካውንት መግዛት አይደለም። የግል ዳታን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ከባድ ወንጀል የሚያመለክት ነገር ካዩ ግን ሳያጠፉና ለማንም ሳይልኩ ላፕቶፑን ዘግተው ለፖሊስ ያሳውቁ። የተለመደው የቤተሰብ ፎቶና የቢሮ ደብዳቤ ከሆነ ከላይ በተባለው መንገድ ይጥረጉት።

ማጽዳቱን ሲጀምሩ ጎኖቹንም ይዩ። የቢሮ ሞዴሎች የሲም ካርድ፣ የሜሞሪ ካርድ፣ የቆዩት ደግሞ የሲዲ ማስገቢያ አላቸው፤ ዲስኩ ተቀይሮ እንኳ እነዚህ ውስጥ የተረሳ ካርድ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ከተገኘ አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡት፤ አዲስ በተጫነው ዊንዶውስ ላይ ሰክተው አይሞክሩት።